በገዛ ቆዳችን ላይ የሚኖር ጠላት
ስለ ብጉንጅ፣ ስለ መግልና ስለ ቁስል አጠባበቅ

በሽታ ሁሉ ከሩቅ አገር የሚመጣ ወይም ከማናውቀው ሰው የሚተላለፍ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ከበሽታ አምጪ ጀርሞች መካከል አንዳንዶቹ ከእኛው ጋር ውለው ከእኛው ጋር የሚያድሩ፣ በአፍንጫችን ቀዳዳና በቆዳችን ላይ ተደላድለው የሚኖሩ ናቸው። በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ከእነዚህ ዋነኛ ስለ ሆነው፣ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ስለሚባለው ጀርም ነው። ስሙ ረጅምና እንግዳ ቢሆንም ሥራው ግን ለማናችንም እንግዳ አይደለም። በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ብጉንጅ ያልወጣበት፣ ቁስሉ መግል ያልያዘበት፣ ወይም እግሩ ቆስሎ በብሽሽቱ ንፍፊት ያላበጠበት ሰው በመካከላችን ቢፈለግ በቀላሉ የሚገኝ አይመስለንም።

ብጉንጅ ትንሽ ነገር ነው ተብሎ ይናቃል። እውነት ነው፤ አብዛኛው ብጉንጅ በስሎ፣ ፈንድቶ፣ ደርቆ ይድናል። ሆኖም ይኸው ጀርም ከቆዳ አልፎ ወደ ደም፣ ወደ አጥንትና ወደ ሳንባ የገባ እንደ ሆነ ጤነኛውን ጎልማሳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ስለ ደረሰው ሞት ሊቃውንት ባደረጉት ጥናት መሠረት፣ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚህ ጀርም ጋር በተያያዘ የሞተው ሰው ከ1 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገምቷል። በ135 አገሮችም ከባክቴሪያ ወገን ብዙ ሰው በመግደል አንደኛ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለው፣ ነገሩ ገና በቆዳ ላይ ሳለ ማወቅና መከላከል ይሻላል።

ጀርሙ እንዴት ታወቀ

በቀድሞ ዘመን በአውሮፓ የነበሩ ብዙ ሐኪሞች መግል ሲያዩ ቁስሉ መዳን ጀመረ ብለው ይደሰቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 አሌክሳንደር ኦግስተን የተባለ በስኮትላንድ አገር በአበርዲን ከተማ የሚሠራ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ከእባጭ የወጣ መግል ወስዶ በማይክሮስኮፕ ቢመለከት በውስጡ ክብ ክብ የሆኑ እጅግ ረቂቅ ፍሬዎች ተከማችተው አየ። መግሉን በእንስሳት ገላ ውስጥ ባስገባው ጊዜ እነርሱም እባጭ አወጡ። ጀርሙንም በዶሮ ዕንቁላል ውስጥ አራባው። በዚህ ዓይነት መግል የመዳን ምልክት ሳይሆን የጦርነት ምልክት መሆኑ ታወቀ። መግል ማለት ከጀርሙ ጋር ሲዋጉ የወደቁ የደማችን ነጭ ሕዋሳት፣ ከሞተ ሥጋና ከጀርሙ ከራሱ ጋር ተቀላቅለው የሚፈጥሩት ፈሳሽ ነው።

ኦግስተን በ1882 ለጀርሙ ስታፊሎኮከስ የሚል ስም አወጣለት። ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው የወይን ዘለላ የሚመስል ፍሬ ማለት ነው። የወይን ዘለላ ላላየ ሰው፣ በቡና ቅርንጫፍ ላይ አንድ ላይ ተጨናንቆ የተቋጠረውን ቀይ ፍሬ ቢያስብ መልኩን በሚገባ ይረዳዋል። መጠኑን በተመለከተ፣ 1000 ያህሉ በአንድ መስመር ቢሰለፉ ርዝመታቸው ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም። በ1884 ሮዘንባክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ለየ። አንደኛው ሲራባ የወርቅ ቀለም ስላለው ኦሬየስ፣ ማለት ወርቃማ ተባለ። ሁለተኛው ነጩ ዛሬ ኤፒደርሚዲስ የሚባለው ሲሆን፣ በሰው ሁሉ ቆዳ ላይ ይኖራል፤ ብዙ ጊዜም ጉዳት የለውም። እኛ የምንፈራው ወርቃማውን ነው።

የት ይኖራል፣ በምንስ ይተላለፋል

ከ10 ጤነኛ ሰዎች 3 ያህሉ ይህን ጀርም በአፍንጫቸው ውስጥ ይዘውት ይኖራሉ። አያስላቸውም፣ አያተኩሳቸውም፤ መያዛቸውንም አያውቁም። እጅ አፍንጫን በነካ ቁጥር ጀርሙ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ፊት፣ ወደ ሌላ ሰው፣ ወደ ምግብና ወደ ልብስ ይሄዳል። በብብት፣ በብሽሽትና በአንገት ሥር ባለው ላበት በሚበዛበት ቆዳ ላይም ይገኛል።

ድርቀትን ይችላል። በፎጣ፣ በአንሶላ፣ በበር እጀታ ላይ ቀናትንና ሳምንታትን ሊቆይ ይችላል። ሌሎች ጀርሞች የማይችሉትን ጨውም ይታገሣል። ሆኖም በሳሙና ታጥቦ ከእጅ ይወገዳል፤ በፈላ ውሃም ይሞታል። ይህን የመሰለ ብርቱ ጠላት በሳሙናና በምድጃ የሚሸነፍ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው።

ደኅና የሆነ ቆዳ ለዚህ ጀርም እንደ ተቆለፈ በር ነው። ጀርሙ በቆዳው ላይ ዓመት ቢቀመጥ ወደ ውስጥ አይገባም። በሩ የሚከፈተው ቆዳ ሲቆረጥ፣ ሲላጭ፣ ሲቃጠል፣ በነፍሳት ሲነከስ፣ በጥፍር ሲቧጨር ነው። ስለዚህ ጀርሙን ከዓለም ማጥፋት ባንችልም በሩን መጠበቅ እንችላለን።

በቡሬና በአካባቢው በሩ እንዴት ይከፈታል

ቡሬ ስንል የጎጃሙን ሳይሆን ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የኢሉባቦሩን ቡሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በተደረገው ስምምነት ምክንያት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ የኢሉባቦር ቡና በዚህ መንገድ ወደ ባሮ ወንዝ እየወረደ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር፤ ጨውና ጨርቅም በዚያው መንገድ ይወጣ ነበር። ዛሬም አገሩ የቡና፣ የማርና የደን አገር ነው። የጎሬና የመቱ አካባቢ በአገራችን ዝናብ እጅግ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ በጎሬ በዓመት የሚወርደው ዝናብ ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ይህ በረከት ነው፤ ነገር ግን ሙቀትና እርጥበት ባለበት አገር ልብስ ቶሎ አይደርቅም፣ ላበት አይለቅም፣ ትንሽ ቁስልም ቶሎ መግል ይይዛል።

በዚህ አገር ለጀርሙ በር ከሚከፍቱት ነገሮች መጀመሪያ የምንጠራው ሙጃሌን ነው። ሙጃሌ ከቁንጫ ወገን ናት። ትውልዷ ከአሜሪካ ምድር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1872 ከብራዚል በመጣ መርከብ ወደ አንጎላ ገብታ ከዚያ በአፍሪካ እንደ ተስፋፋች ይነገራል። ሴቲቱ በእግር ጣት መካከልና በጥፍር ሥር ቆዳውን በስታ ትገባለች፤ በዕንቁላልም ተነፍታ የአተር ፍሬ ታህላለች። ያሳክካል፣ ያማል። ልጆችም በእሾህ ወይም ለብዙ ሰው በሚያገለግል በአንድ መርፌ ቁልፍ ያወጧታል። ሙጃሌዋ ትወጣለች፤ የቀረው ጉድጓድ ግን ለስታፊሎኮከስ የተከፈተ በር ነው። ከአፈርና ከእበት ጋር የሚገባው የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም ደግሞ ከዚህ የባሰ አደጋ አለው።

ሁለተኛው ማከክ ነው። እከክ የያዘው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል፤ በጥፍሩ ሥር ያለውም ጀርም ወደ ተቧጨረው ቆዳ ይገባል። ፈጥነው በሚፈስሱ ወንዞች አጠገብ በሚራቡ ጥቁር ዝንቦች ንክሻ የሚተላለፈው ኦንኮሰርካይሲስ የተባለው በሽታም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ብርቱ የቆዳ ማሳከክ ያመጣል። ለሕዝብ የሚታደለውን ኢቨርሜክቲን የተባለውን መድኃኒት ሳያስተጓጉሉ መውሰድ ከዚህ ማሳከክ፣ በማሳከኩም ምክንያት ከሚመጣው ቁስል ይጠብቃል።

ሦስተኛው የሥራ ቁስል ነው። በቡና ለቀማ ወራት እጅና ክንድ በቅርንጫፍ ይቧጨራል፤ ባዶ እግርም በጉቶ ይወጋል። አራተኛው ምላጭ ነው። አንድ ምላጭ ለቤተ ሰብ ሁሉ ራስ መላጫ ሲሆን የአንዱ ልጅ ቁስል የሁሉም ቁስል ይሆናል። ይህ ልማድ ከመግል በቀር በደም የሚተላለፉ ሌሎች ከባድ በሽታዎችንም ያመጣልና ፈጽሞ ሊተው ይገባዋል።

የሚያመጣቸው በሽታዎች

አንደኛ፤ ብጉንጅ። ጀርሙ በጠጉር ሥር ገብቶ በዚያ ሲራባ ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይግላል፣ ያማል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ራስ አውጥቶ ይፈነዳል። በዐይን ሽፋን ጠርዝ ላይ ሲወጣ የዐይን ብጉንጅ ይባላል። ብዙ ብጉንጆች በማጅራት ወይም በጀርባ ላይ አንድ ላይ ሲጋጠሙ ግን ነገሩ ከባድ ነው። ብጉንጅ በየጊዜው እየተመላለሰ የሚያስቸግረው ሰው የስኳር በሽታ እንዳለበት መመርመር ይገባዋል።

ሁለተኛ፤ በልጆች ፊት ላይ የሚወጣው የማር ቀለም ያለው ቅርፊት ነው። በአፍንጫና በአፍ ዙሪያ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ሆኖ ይጀምርና ሲፈነዳ ቢጫ ቅርፊት ይሠራል። ሕዝባችን ብዙ ጊዜ ምች መታው ይላል። በአንድ አልጋ የሚተኙና በአንድ ወንበር የሚቀመጡ ልጆች በቶሎ ይጋባቸዋል። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ሌላ ጀርምም ይህንኑ ሽፍታ ያመጣል፤ እርሱም ካልታከመ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ሦስተኛ፤ ከቆዳ በታች የሚስፋፋ እብጠት ነው። መቅላቱና ሙቀቱ ከሰዓት ወደ ሰዓት እየሰፋ ይሄዳል፤ የሰውነት መከላከያ ዕጢዎችም ሲያብጡ ንፍፊት ይሆናል። ንፍፊት ራሱ በሽታ አይደለም። ከእግር የመጣውን ጠላት በብሽሽት ላይ የሚጠብቅ ዘብ ነውና፣ ንፍፊት ሲታይ የሚመረመረው እግር ነው።

አራተኛ፤ የሚያጠባ ጡት ሲሰነጠቅ ጀርሙ ገብቶ የሚያመጣው የጡት እብጠት ነው። እናቲቱ ማጥባት አቁማ ወተቱ ሲጠራቀም ይብስባታል። ከሐኪም ምክር ጋር ማጥባቷን ልትቀጥል ይገባል።

አምስተኛ፤ ከሁሉ የከፉት ወደ ውስጥ የሚገቡት ናቸው። ጀርሙ በደም ተጉዞ በልጆች አጥንት ውስጥ መግል ይቋጥራል፤ በሙቀት አገሮችም በጭንና በዳሌ ጡንቻ ውስጥ ጥልቅ እባጭ ያመጣል። ወደ ሳንባና ወደ ልብ ቧንቧ መዝጊያዎች የገባ እንደ ሆነ ሕይወት በአደጋ ላይ ይወድቃል።

ሁለት መንገዶች

ይህ ሁሉ እንዴት እንደሚያያዝ ለመረዳት አንድ የ9 ዓመት ልጅ እናስብ። በኅዳር ወር ከወላጆቹ ጋር ቡና ሲለቅም ውሎ ማታ ከእግሩ ጣት ሙጃሌ በእሾህ ያወጣል። በሦስተኛው ቀን ጣቱ ያብጣል፤ በአምስተኛው ቀን በብሽሽቱ ንፍፊት ይወጣል። እናቱ ቅቤ ትቀባዋለች። ከሳምንት በኋላ ጣቱ የዳነ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ ከጉልበቱ በላይ አመመኝ ይላል፣ ያነክሳል፣ ሌሊት ያተኩሰዋል። ቤተ ሰቡም ወድቆ ይሆናል፣ ወለምታ ነው ብሎ ወደ ወጌሻ ይወስደዋል። ወጌሻው ለስብራትና ለወለምታ እጁ የተባረከ ሊሆን ይችላል፤ በአጥንት ውስጥ የተቋጠረ መግልን ማሸት ግን ሕመሙን ከማባባስ በቀር አይጠቅምም። በዚህ መንገድ የሄደ ልጅ ከሞት ቢተርፍ እንኳ ለዓመታት መግል የሚያፈስ እግር ይዞ፣ ወይም አንካሳ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

አሁን ደግሞ ይህንኑ ልጅ በሌላው መንገድ እንውሰደው። ሙጃሌዋ በፈላ ውሃ በተቀቀለ መርፌ፣ በታጠበ እጅ ትወጣለች። ጉድጓዱ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል። ልጁ ጫማ ያደርጋል። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ሩብ ሰዓት ነው። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ጣቱ ቢያብጥ እንኳ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ቢወሰድ የጥቂት ቀን መድኃኒት ያድነዋል። ማንከስና ትኩሳት አንድ ላይ የታየበትን ልጅ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል። ለአካባቢው ሰው መቱ ላይ ያለው የካርል ሆስፒታል ለዚህ የተዘጋጀ ነው። በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት የሀብት ልዩነት አይደለም፤ የዕውቀትና የጊዜ ልዩነት ነው።

በድግስ ላይ ስለሚደርሰው አደጋ

ይህ ጀርም ቆዳ ሳያቆስልም ሰውን ያሳምማል። ጣቱ ላይ መግል የያዘ ቁስል ያለበት ወይም አፍንጫውን የነካካ ሰው ወጥ ሲያወጣ ወይም ሥጋ ሲዘለዝል ጀርሙን በምግቡ ላይ ይጥላል። ምግቡ በሞቃት ስፍራ ብዙ ሰዓት የቆየ እንደ ሆነ ጀርሙ ይራባና መርዝ ይሠራል። ልብ ሊባል የሚገባው ታላቅ ነገር ይህ ነው፤ ምግቡን መልሶ ማሞቅ ጀርሙን ይገድላል፣ መርዙን ግን አያጠፋም። መርዙ የውሃ ፍላትን ይችላል። የበሉትም ሰዎች ከግማሽ ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በድንገት ያስታውካቸዋል፣ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል። ብዙዎቹ በአንድ ቀን ይድናሉ፤ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ግን በፈሳሽ እጥረት ሊጎዱ ይችላሉ። በሠርግም ሆነ በተዝካር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲታመም መርዝ አደረጉብን ተብሎ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል። መርዙ ግን ከአንዲት ወጥ ሠሪ የቆሰለ ጣት የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በእጇ ቁስል ያለባት ሴት ከወጥ ቤት ሥራ ትረፍ፤ ምግብም ከተሠራ በኋላ ሳይቆይ ይበላ።

እንግዳ ሲቀርብ እጅ ማስታጠብ የአባቶቻችን መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ከማስታጠቢያው ላይ ጥቂት ውሃ በጣቶች ጫፍ ላይ ማንጠባጠብ ለክብር እንጂ ለንጽሕና አይበቃም። ሳሙና ይቅረብ፤ ሁለቱም እጆች እስከ አንጓ፣ በጣቶች መካከልና በጥፍር ሥር ይታሹ። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ የሚያጎርሰው እጅ ግን ንጹሕ ይሁን።

ስለ መድኃኒት

ፔኒሲሊን የተባለው መድኃኒት የተገኘው ይኸው ጀርም በሚራባበት ሳህን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 በለንደን አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ስታፊሎኮከስ ባራባበት ሳህን ላይ ሻጋታ ወድቆ፣ በሻጋታው ዙሪያ ያለው ጀርም ጠፍቶ አገኘው። በ1941 ደግሞ አልበርት አሌክሳንደር የተባለ እንግሊዛዊ ፖሊስ፣ ፊቱ ላይ የጀመረ ቁስል በስታፊሎኮከስና በስትሬፕቶኮከስ ተመርዞ ለሞት በተቃረበ ጊዜ በኦክስፎርድ ሐኪሞች አዲሱን መድኃኒት ሰጡት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ትኩሳቱ ወረደ፣ መብላትም ጀመረ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ የነበረው ፔኒሲሊን እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፣ ከሽንቱ ውስጥ እንኳ እየተለቀመ ተመልሶ ቢሰጠውም አለቀ። ጀርሙም ተመልሶ አገረሸ፤ ሰውዬውም ሞተ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ብርቱ ነገር አለ። ያ ፖሊስ መድኃኒቱን ያቋረጠው ስላጣው ነው። ዛሬ ግን የታዘዘላቸውን የ7 ቀን መድኃኒት በሦስተኛው ቀን ስለ ተሻላቸው ብቻ የሚያቋርጡ፣ የቀረውንም ለሌላ ቀን ወይም ለጎረቤት ልጅ የሚያስቀምጡ ብዙዎች ናቸው። በሦስተኛው ቀን የሞቱት ደካሞቹ ጀርሞች ናቸው፤ የተረፉት ብርቱዎቹ ይራባሉ። ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 የኖቤልን ሽልማት በተቀበለ ጊዜ፣ በጥቂቱ የሚወሰድ መድኃኒት ጀርሙን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። እንዳለውም ሆነ። ስታፊሎኮከስ ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ነገር መሥራት ለመደ፤ ዛሬ አብዛኛው ለፔኒሲሊን አይበገርም። ሜቲሲሊን የተባለ ሌላ መድኃኒት በተሠራ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ በ1961 እርሱንም የሚችል ዘር በእንግሊዝ አገር ታየ። በ2019 ይህ ሜቲሲሊንን የሚችል ዘር በዓለም ላይ ከ100,000 በላይ ለሚሆኑ ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል።

ስለዚህ ለብጉንጅ ሁሉ ከመድኃኒት መደብር እንክብል ገዝቶ መዋጥ ጥበብ አይደለም። ትንሽ ብጉንጅ ያለ እንክብል ይድናል፤ ትልቅ እባጭም ዋናው መድኃኒቱ በጤና ባለሙያ እጅ ተከፍቶ መግሉ መውጣቱ ነው። እንክብል የሚያስፈልገው መቼ እንደ ሆነ፣ የትኛውም እንደ ሆነ የሚያውቀው የመረመረው ባለሙያ ነው። እርሱ ሲያዝም እስከ መጨረሻው መዋጥ ግዴታ ነው።

ልንተዋቸው የሚገቡ ልማዶች

በቁስል ላይ እበት፣ አመድ፣ የቡና ዱቄት፣ አፈር ወይም ያልታወቀ ቅጠል መደምደም ጀርም ከመጨመር በቀር አይጠቅምም። የሕፃን እትብት በአሮጌ ምላጭ መቁረጥና ቅቤ ወይም እበት መቀባት ብዙ ጨቅላዎችን ገድሏል። እትብት ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይቀመጥ፤ ከጤና ባለሙያ የተሰጠ ክሎርሄክሲዲን የተባለ ቅባት ካልሆነ በቀር ምንም አይቀባ። የሕፃናትን እንጥልና ድድ መቁረጥም እንደዚሁ በአፍና በጉሮሮ ውስጥ ለጀርሙ በር መክፈት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ብጉንጅን መጭመቅ አደገኛ ነው። መግሉ ወደ ውጭ የወጣ ቢመስልም ግማሹ ወደ ውስጥ ይገፋል። በተለይ ከላይኛው ከንፈር እስከ አፍንጫ ግንድ ድረስ ባለው የፊት ክፍል የሚገኙ የደም ሥሮች ወደ አንጎል አቅጣጫ ስለሚያደርሱ፣ በዚያ ስፍራ የወጣ ብጉንጅ ከቶ አይነካ።

ለመምህራን የምናሳስበው

አንድ መምህር በየጧቱ የሚያየውን ያህል ልጅ የሚያይ ሐኪም የለም። በሰልፍ ጊዜ ጥፍርና ራስ መመልከት በትምህርት ቤቶቻችን የቆየ መልካም ልማድ ነው። በዚህ ላይ እግር መመልከት ይጨመርበት። ነገር ግን ሙጃሌ ወይም እከክ የተገኘበት ልጅ በጓደኞቹ ፊት አይዋረድ። ያፈረ ልጅ ቁስሉን ይደብቃል፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ተብሏልና። ብቻውን ጠርቶ መምከርና ለወላጆቹ መልእክት መላክ ይበቃል። ፊቱ ላይ ቅርፊት ያለበት ልጅ ይታከም፤ ሕክምና ከጀመረ ከ1 ቀን በኋላ ቁስሉ ተሸፍኖ ወደ ክፍሉ ሊመለስ ይችላል።

የቧንቧ ውሃ የሌለው ትምህርት ቤት በአንድ ጀሪካን፣ በአንድ ገመድና በአንድ ቁራጭ እንጨት የእጅ መታጠቢያ ሊሠራ ይችላል። ጀሪካኑ ይበሳል፤ በእግር ሲረገጥ እንዲያጎነብስ ሆኖ ይንጠለጠላል፤ ሳሙናውም በገመድ ይታሰራል። ትምህርቱም ልጆች በቤታቸው በሚናገሩት በአፋን ኦሮሞ ቢሰጥ ከልጆቹ አልፎ እስከ አያቶች ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ጤና መኮንኖችንና የንጽሕና ጠባቂዎችን ሲያሠለጥን፣ ከ2003 ጀምሮም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ቤት ለቤት እንዲያስተምሩ ሲደረግ፣ ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ሕዝብ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ጤናው በቤቱ እንዲጠበቅ።

በቃል ሊያዙ የሚገባቸው ምክሮች

1. እጅህን ከምግብ በፊት፣ ከሽንት ቤት በኋላ፣ ቁስል ከመንካትህ በፊትና ከነካህ በኋላ በሳሙና ታጠብ።

2. ማናቸውንም ቁስል፣ ትንሽም ቢሆን፣ ወዲያውኑ በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥበህ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍን።

3. ምላጭ፣ ፎጣ፣ መርፌ ቁልፍና ማበጠሪያ ለየብቻ ይሁን። ቁስል የነካ ጨርቅ ይቀቀል፤ በፀሐይም ይሰጣ።

4. ብጉንጅ ሲወጣ በሙቅ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በየጊዜውም 10 ደቂቃ ያህል አኑርበት። አትጭመቀው፤ በምላጭም አትክፈተው።

5. የልጆችን ጥፍር በየሳምንቱ ቁረጥ፤ በተቻለ መጠን ጫማ አልብሳቸው። የቤቱ ወለል እንዳይቦን ይጠበቅ።

6. ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ ከቁስሉ ወደ ላይ የሚሄድ ቀይ መስመር፣ ንፍፊት፣ የአጥንት ሕመም ወይም ማንከስ፣ በፊት ወይም በዐይን አጠገብ ያለ እባጭ፣ በጨቅላ ገላ ላይ መግል የያዘ ሽፍታ ካየህ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ።

7. የታዘዘልህን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ውሰድ። ለሌላ ሰው አታካፍል፤ የሌላውንም አትውሰድ።

ይህ ጀርም ከሰው ልጅ ጋር የኖረ ነው፤ ወደ ፊትም ይኖራል። ከአፍንጫችንና ከቆዳችን ላይ ፈጽመን ልናስወጣው አንችልም። ነገር ግን አንድ ሳሙና፣ አንድ ድስት የፈላ ውሃና የነቃ ዐይን በበሩ ላይ እስካሉ ድረስ ጎረቤት ሆኖ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ ዘልቆ ወራሪ አይሆንም። በሚመጣው የቡና ለቀማ ወራት እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ማታ ማታ ልጆቹን በመብራት ፊት አስቀምጦ እግራቸውን እንዲያጥብና እንዲመለከት፣ እያንዳንዱም መምህር ይህን ለወላጆች እንዲያሳስብ በአክብሮት እንጠይቃለን።